ዱባይ ሆቴል ሥራ ገብቶ ከየአገሩ ሰው ጋር መኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዱባይ ሆቴል ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሊመጡ የተዘጋጁ ልጆች በየሳምንቱ የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ስደርስ መጀመሪያ ምን ይገጥመኛል?

ከአዲስ አበባ ዱባይ አራት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። ኤርፖርት ላይ የኩባንያው ሹፌር ስማችሁን በወረቀት ይዞ ይጠብቃችኋል። ከዚያ ቀጥታ ወደ አኮሞዴሽን። አኮሞዴሽን የሚባለው ኩባንያው ለሠራተኞቹ የያዘው መኖሪያ ሕንፃ ነው። ሆቴሉ ከባሕሩ አጠገብ ስለሆነ መኝታችሁም እዚያ እንዳይመስላችሁ። ብዙውን ጊዜ አል ቁዝ፣ ጀበል ዓሊ ወይም ሙሐይስና የሚባሉት ሠፈሮች ውስጥ ነው፤ በስታፍ ባስ ትመላለሳላችሁ።

ቀጥሎ የጤና ምርመራ አለ። ደም ይቀዳል፣ የደረት ራጅ ትነሳላችሁ። አሻራ ትሰጡና ኤምሬትስ አይዲ የሚባለው የነዋሪነት መታወቂያ ይወጣላችኋል። ካርዱ እስኪደርስ ብዙ ነገር ይጓተታል፣ የባንክ ሂሳብ መክፈትን ጨምሮ። ስለዚህ እስከ መጀመሪያው ደመወዝ የሚያቆያችሁ ትንሽ ገንዘብ ይዛችሁ ውጡ። አንድ ዶላር 3.67 ዲርሃም ነው፤ ምንዛሪው ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ንቅንቅ አላለም።

ክፍል የምጋራው ከማን ጋር ነው? መምረጥ እችላለሁ?

መጀመሪያ ላይ አትመርጡም። ባዶ አልጋ ያለበት ክፍል ትገባላችሁ። የኔ ክፍል ውስጥ አንድ ፊሊፒናዊት፣ አንድ ኔፓላዊትና አንድ ኬንያዊት ነበሩ። አልጋው ተደራራቢ ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው ላይኛውን ይወስዳል። የታችኛውን የያዘ ሰው ዙሪያውን መጋረጃ ሰቅሎ የራሱን ቤት ይሠራል። መጋረጃው ከተዘጋ በሩ ተዘግቷል ማለት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ በሁለተኛው ቀን መጋረጃ ገልጬ ብስኩት ዘረጋሁ። ኔፓላዊቷ ከሌሊት ዱቲ (የሥራ ፈረቃ) ገብታ ተኝታ ነበር። ብስኩቱን ተቀበለችኝ፣ ለሦስት ቀን ግን አላናገረችኝም።

ትልቁ ጠብ የሚነሳው በኤሲ (በአየር ማቀዝቀዣው) ነው። ውጭው በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን አንዷ 18 ላይ አድርጋው ትተኛለች። ዱባይ መጥቼ መጀመሪያ የገዛሁት ዕቃ ወፍራም ብርድ ልብስ ነበር። ሌላው ጣጣ ትኋን ነው። ካያችሁ እንዳታፍሩ። የዚያኑ ቀን ለአኮሞዴሽን ኃላፊው ንገሩ፤ ዝም ካላችሁ ክፍሉን በሙሉ ይወርሰዋል፣ ያኔ ደግሞ ያመጣችሁት እናንተ ትባላላችሁ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። በምን ቋንቋ እንግባባለን?

በእንግሊዝኛ ነው፣ ግን ትምህርት ቤት በተማርነው አይደለም። እዚህ አገር ከአሥር ነዋሪ ዘጠኙ ያህል የውጭ ዜጋ ስለሆነ ሁሉም የራሱን ቅላጼ ጨምሮበታል። ሕንዱ የሚለው አንድ ነገር፣ ፊሊፒኑ የሚለው ሌላ ነገር ይመስላል። ወር ሳይሞላ ጆሯችሁ ይለምደዋል። «ያላ» (በሉ እንሂድ)፣ «ኻላስ» (በቃ)፣ «ማፊ ሙሽኪላ» (ችግር የለም) የሚሉት የዓረብኛ ቃላት ደግሞ ሳታስቡት ከአፋችሁ ይወጣሉ።

ከሁሉ በላይ በር የሚከፍተው አክብሮት ነው። እኛ «እትዬ» እና «ጋሼ» እንደምንለው እነሱም አላቸው። ፊሊፒኖቹ በዕድሜ የምትበልጥን ሴት «አቴ»፣ ወንዱን «ኩያ» ይላሉ። ለኔፓሎቹ ታላቅ እህት «ዲዲ»፣ ታላቅ ወንድም «ዳይ» ነው። ኬንያዊቷን «ዳዳ» በሏት። ካፊቴሪያ ውስጥ ምግብ የሚያወጣውን ሰውዬ «ኩያ» ባልኩት ቀን ሁለተኛ ዶሮ አግኝቻለሁ።

ስሜ ለምን ተቀየረ? ሁሉም በአያቴ ስም ይጠሩኛል።

አልተቀየረም። ፓስፖርታችን ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ይከታተላሉ፤ እዚህ ያለው ሲስተም የመጨረሻውን የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስደዋል። ስልጠና ላይ አስተማሪው ሦስት ጊዜ አያቴን ጠራ። እኔም እንደሌሎቹ ሰውዬው ማን ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። አያቴ ከጎጃም ወጥቶ አያውቅም፣ ስሙ ግን ጁሜራ ላይ ደረቴ ላይ ተለጥፎ ዋለ።

ባጅ ከመታተሙ በፊት የትኛው ስም እንዲጻፍ እንደምትፈልጉ ለኤችአር (ለሠራተኛ አስተዳደሩ) ንገሩ። በተለይ ስማችሁ ሁለት ቃል ከሆነ። ለሁለት የተከፈለ ስም ያለው አንድ ባልደረባችን ሦስት ዓመት «ወልደ» ብቻ ተብሎ ሠርቷል፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይነገር። ሰነድ ላይ ግን ቀልድ የለም። ኮንትራቱ፣ አይዲውና የባንክ ሂሳቡ ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆን አለባቸው።

የሥራ ሰዓቱ እንዴት ነው?

ሕጉ በሳምንት ቢበዛ 48 ሰዓት፣ ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት ይላል። ከዚያ በላይ ኦቨርታይም ነው፤ በቤዚኩ (አበል ሳይጨመርበት ባለው መነሻ ደመወዝ) ላይ 25 በመቶ ይጨመራል፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ከሆነ ደግሞ 50 በመቶ። በሺፍት የሚሠሩ ሰዎች ግን የሌሊቱን ጭማሪ አያገኙም። በረመዳን የሥራ ቀኑ በሁለት ሰዓት ያጥራል፣ ሙስሊም ላልሆነውም ጭምር። ኦፍ የምትወጡበትን ቀን የሚወስነው የሚለጠፈው ፕሮግራም ነው። እሑድ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሀበሻ ብቻ። የዱባይ ሰዓት ከኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፣ እሱ ቀላል ነው። ከባዱ የአቆጣጠሩ ነገር ነው። እዚህ የቆየ ሀበሻ ሳያስበው በፈረንጅ ይቆጥራል። አንዷ «ነገ ዱቲሽ ሁለት ሰዓት ነው» ብላ ጻፈችልኝ። እኔ በጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ዩኒፎርሜን ተኩሼ፣ ተሰልፌ ቆምኩ። ለካ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ማለቷ ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ ካፊቴሪያ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ ወዲህ «በማን?» ብዬ ሳልጠይቅ ሰዓት አልቀበልም።

ምግቡ ይስማማኛል? ጾምስ?

የስታፍ ካፊቴሪያ ምግብ ሩዝ ነው። ከሩዙ ጎን ያለው ብቻ ይቀያየራል፤ ዳል (የሕንዶቹ ምስር ወጥ)፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ አትክልት። እንጀራ የፈለገ በኦፍ ቀኑ ዴይራ የሚባለው ሠፈር ይሄዳል፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ እንጀራ ይሸጣል። ሜትሮ ላይ ግን ፌስታሉን እንዳትከፍቱት። ባቡር ውስጥም ጣቢያ ውስጥም መብላት 100 ዲርሃም ያስቀጣል። ወንዶች ደግሞ የሴቶችና የሕፃናት ተብሎ ወደተለየው ፉርጎ ዘላችሁ ብትገቡ ቅጣቱ ያው 100 ነው።

የኛን ጾም ለሚጾሙ ትልቁ ወጥመድ «ቬጅ» የሚለው ጽሑፍ ነው። ለሕንዶቹ ቬጅ ማለት ሥጋ የሌለው ነው፤ ወተት፣ እርጎና ቅቤ ይኖርበታል። ዳሉ ብዙ ጊዜ ጊ በሚሉት የተነጠረ ቅቤ ይቁላላል። እኔ ሁዳዴን በሙሉ በዳል ጾምኩ ብዬ ፋሲካ ማግስት ከሼፉ ጋር ስናወራ ነው ጉዱን የሰማሁት። «ቬጋን» (ከእንስሳ የተገኘ ምንም የሌለበት) በሉ፤ ቅቤውንም ለይታችሁ ጠይቁ። በረመዳን ቀን ደግሞ ሰው ፊት መብላትና መጠጣት ነውር ነው። ካፊቴሪያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው።

አኮሞዴሽን ውስጥ ቡና ማፍላት ይቻላል?

ማፍላት ይቻላል። ከሰል ማቀጣጠል ግን አይቻልም፣ ሕጉም ጤናውም አይፈቅድም፤ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጢስ ሰው ይገድላል። ለቡናው እንደ ደንቡ ዕጣን ለማጨስ ስትሉ ደግሞ ጣሪያው ላይ ያለው የጢስ መቆጣጠሪያ ይጮሃል። አንድ ሌሊት በኛ ዕጣን ምክንያት ሰባት ፎቅ ሕንፃ በፒጃማ ወጥቶ ደጅ ቆሟል። እስከ ዛሬ አንዳንዱ ሲያየኝ አፍንጫውን ይይዛል።

አሁን ቡናውን የጋራው ኩሽና ውስጥ፣ የጢስ መሳቢያው ሥር፣ በመጥበሻ እንቆላለን። ዕጣኑን ትተነዋል። የክፍል ጓደኞቻችሁን ግን ጥሩ፤ ቡናውን እየቆላችሁ ጭሱን ወደ ፊታቸው ስታቀርቡላቸው ያን ጊዜ ነው እናንተን ማወቅ የሚጀምሩት። በርበሬ ስታቁላሉ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሁሉም ያስላል። እነሱም ቱዮ የሚሉትን የደረቀ ዓሣ ሲጠብሱ እናንተ ትታገሳላችሁ፣ ስለዚህ ሒሳቡ ይቻቻላል።

ከባልደረቦቼ ጋር እቁብ ብገባ ያዋጣል?

እቁብ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ፊሊፒኖቹ «ፓሉዋጋን» ይሉታል። ኬንያዎቹ «ቻማ» አላቸው፣ ኔፓሎቹ «ዲኩቲ»፣ ፓኪስታኖቹ ደግሞ «ኮሚቲ»። ስሙ ይለያይ እንጂ ያው ነው፤ በየወሩ ይዋጣል፣ በዕጣ ወይም በተራ ይወጣል። አሥር ሰው 300 ዲርሃም ቢጥል በየወሩ አንድ ሰው 3,000 ያነሳል። በዚህ ገንዘብ ወንድሟን ያስተማረች፣ ጣሪያ ቆርቆሮ ያስመታች አውቃለሁ።

የሚለየው ዋስ የሌለው መሆኑ ነው። አገር ቤት እቁብ በልቶ የጠፋን ሰው ቤቱን ታውቁታላችሁ። እዚህ ቪዛው ተሰርዞ በማግስቱ ማኒላ ነው። በኛ ፎቅ አንድ ልጅ በሁለተኛው ወር አንስቶ በአራተኛው አገሩ ገባ። ስለዚህ ኮንትራቱ ሊያልቅ የደረሰ ሰው መጀመሪያ እንዳያነሳ አድርጉ። አዲስ ሰው መጨረሻ ላይ ያንሳ። ይህን ስትሉ ይሉኝታ ይይዛችኋል፣ አውቃለሁ። ፊሊፒኖቹ ግን ሳይሽኮረመሙ በግልጽ ነው የሚነጋገሩት፣ ማንም ቅር ሲለው አላየሁም።

ከደመወዜ ምን ሊቆረጥ ይችላል? ፓስፖርቴንስ ማን ይይዛል?

ፓስፖርቱ የእናንተ ነው። አሠሪ ሠራተኛውን ፓስፖርት መቀማት አይፈቀድለትም። ለቪዛ ሥራ ለጥቂት ቀን ይወስዱታል፤ «እኛ ጋ ይቀመጥላችሁ» ሲሏችሁ ግን መልሱልኝ በሉ። የቪዛውንና የቅጥሩን ወጪ ሠራተኛው ላይ መጫንም በሕግ ክልክል ነው። ይህን የሚለው ከየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው የሥራ ሕግ ነው። በወር አምስት ዲርሃም ገደማ የሚከፈል የሥራ አጥነት ኢንሹራንስ አለ፤ እሱ ግዴታ ነው፣ እኛው ነን የምንከፍለው። ከረሳችሁት 400 ዲርሃም ትቀጣላችሁ።

ኮንትራት ላይ በዓይናችሁ ፈልጉ የምላችሁ ቃል ቤዚክ ነው። ጠቅላላው 2,000 ተብሎ ቤዚኩ 1,000 ሊሆን ይችላል። ሥራ ስትለቁ የሚሰጣችሁ የአገልግሎት ክፍያ የሚሰላው በቤዚክ ነው፤ ዓመት ከሞላችሁ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን፣ ከአምስት ዓመት በላይ ላለው የ30 ቀን። ቤዚኩ 1,000 ከሆነ በዓመት 700 ዲርሃም ማለት ነው። ብዙዎቻችን ግን ጠቅላላውን አይተን ደስ ብሎን ፈርመናል። የፈረምሽውን አምጪ ስል የሚያሳየኝ ሰው እምብዛም ነው። ቅጂ ያዙ፤ ስልካችሁ ላይም ፎቶውን አስቀምጡ።

ሱፐርቫይዘሬ ለአገሩ ሰዎች ያደላል። ምን ላድርግ?

ያደላ ይሆናል። እኛም እናደላለን፤ ሀበሻ ሱፐርቫይዘር ሲሾም ማን ቶሎ ኦፍ እንደሚያገኝ አይተናል። መጀመሪያ ግን አድልዎ መሆኑን አረጋግጡ። የሚለጠፈውን ፕሮግራም በየሳምንቱ ፎቶ አንሱት። የሦስት ወሩን ደርድራችሁ ስታዩት አንዳንዴ የተሰማችሁን ያህል አይሆንም። ከሆነ ደግሞ ይዛችሁ የምትቀርቡት ነገር አላችሁ።

እኔ ከክፍል ጽዳት ወደ እንግዳ መቀበያ መዛወር ፈልጌ ዓመት ከስድስት ወር በትጋት ሠራሁ። አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ሥራዬን አይተው ይጠሩኛል ብዬ ነው። ኬንያዊቷ የክፍል ጓደኛዬ በስምንተኛ ወሯ ኤችአሯን ሊፍት ውስጥ አግኝታ «እኔ እዚያ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ምን ይጎድለኛል?» አለቻት። ከሁለት ወር በኋላ ተዛወረች። አድልዎ ነው ብዬ አኮረፍኩ። እሷም ሰምታ «ጠይቀሽ ነበር?» አለችኝ። እኛ ዝም አይነቅዝም እያልን ነው ያደግነው። እዚያ መሥሪያ ቤት ግን ዝም ያለ ሰው ባለበት ረክቷል ተብሎ ነው የሚታሰበው።

ከባልደረባዬ ጋር ተጣላን፤ በዋትሳፕ ሰደበኝ። መልስ ብሰጠው ችግር አለው?

አለው፣ ከባድ ችግር። እዚህ አገር ሰውን በጽሑፍ ወይም በድምፅ መልእክት መሳደብ የሳይበር ወንጀል ነው፤ መቀጮው ከ250,000 ዲርሃም ይጀምራል። የተሰደበው ሰው ስክሪንሾቱን ይዞ ፖሊስ ጋ መሄድ ይችላል፤ መጀመሪያ የሰደበውም እሱ ቢሆን። የተናደዳችሁ ቀን ስልኩን አስቀምጡት። ሰውን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አንስቶ ቲክቶክ ላይ መልቀቅም እንደዚሁ፤ እንግዳ ከሆነማ ሥራውም አብሮ ይሄዳል።

ከዚህ ጋር ብዙ ሀበሻ የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ሰው ሲሞት ወይም ሲታመም ወዲያው ግሩፕ ከፍተን መዋጮ እንሰበስባለን። ባህላችን ነው። እዚህ ግን ፈቃድ ከሌለው ሰው እርዳታ ማሰባሰብ ክልክል ነው። አስከሬን ወደ አገር የመላክ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ኤችአርና ዱባይ ያለው ቆንስላችን ጋ ሂዱ። የራሳችሁን ለቤተሰቡ በቀጥታ መስጠት ሌላ ነገር ነው።

ሌላ ሥራ አገኘሁ። ብወጣ ያግዱኛል?

በደንቡ ከወጣችሁ አያግዷችሁም። ከሙከራ ጊዜ በኋላ ኮንትራታችሁ ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ትሰጣላችሁ፤ ከ30 እስከ 90 ቀን ነው። የሙከራው ጊዜ ከስድስት ወር አይበልጥም፤ እሱ ሳያልቅ እዚያው አገር ሌላ አሠሪ ጋ የሚሄድ ሰው 30 ቀን ቀድሞ ያሳውቃል። ጠፍቶ መሄድ ግን ሌላ ነው። ጠፋ ተብላችሁ ከተመዘገባችሁ አዲስ የሥራ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ላታገኙ ትችላላችሁ። ደመወዝ ከቀረባችሁ ለሥራ ሚኒስቴሩ በስልክ ወይም በአፑ ማመልከት ይቻላል፣ በነፃ።

ከሀበሻ ጋር ብቻ ብሆን አይሻልም? የውጪዎቹ ይሄዳሉ።

ሀበሻውም ይሄዳል። ሁሉም የመጣው በኮንትራት ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ የክፍል ጓደኛ ሸኝቻለሁ፣ ሁለቱ ሀበሾች ነበሩ። ሀበሻ ያስፈልጋል፤ ሲከፋችሁ በአማርኛ የምታለቅሱለት ሰው ያስፈልጋል። ግን ትኩሳት ይዞኝ ሌሊት ክሊኒክ የወሰደችኝ ያቺ ብስኩት የተቀበለችኝ ኔፓላዊት ናት። ሀበሾቹ ሌላ ሕንፃ ነበሩ።

እሷ ስትሄድ ሩዝ ማብሰያዋን ለኔ ተወችው። ክዳኑ ላይ በማርከር ስሟ አለ፤ ከሥሩ ከሷ በፊት የነበረችው ልጅ ስም ደብዝዞ ይታያል። እኔም ስሜን ጨመርኩበት፣ የራሴን፣ የአያቴን አይደለም። ባለፈው ወር ከአዳማ አንዲት ልጅ መጥታ ላይኛው አልጋ ላይ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ከዱቲ ስገባ ማብሰያው ውስጥ ሽሮ እየተንተከተከ ነው፣ ክዳኑን ገፍቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሷል። ማርከሩን ሰጠኋት።